እርከኑ ዳገት ላይ፣ ቦረቦሩ ሜዳ ላይ

ከባሕር ዳር ወደ አዴት ሲወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ማዊ ይገኛል። ለአላፊ አግዳሚ የተለየ ነገር አይታይበትም። ጤፍ አለ፣ ዳጉሳ አለ፣ በቆሎ አለ። እዚህም እዚያም ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከዳገቱ ሥር ከብት የሚሰማራበት ሣራማ ሜዳ ተዘርግቷል።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያተኛ ግን ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ይቀስራል። 523 ሄክታር የሚሆነው የደብረ ማዊ ተፋሰስ ለዓመታት ሲለካ ኖሯል። ዝናቡ፣ ጎርፉ፣ ደለሉ፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ሳይቀር ተመዝግቧል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሕር ዳር ላይ የተፋሰስ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ተማሪ የደብረ ማዊን ጭቃ ረግጧል።

ስለ ተፋሰሱ የተጻፈው አብዛኛው ስለ አፈሩና ስለ ውሃው ነው። እኔን የሳበኝ ደግሞ ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። ዳገቱ ላይ ብዙ ጉልበት ፈሰሰ። አፈሩ በብዛት የሚሄደው ግን ከሜዳው ነበር። ቦረቦሩ፣ ማለትም ውሃ የሸረሸረው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ሲሰፋ ሁሉም ያየዋል። ታዲያ ለምን ሁሉም ዳገት ላይ ወጣ?

ሥራው በማን እጅ ነው?

"አፈርና ውሃ ጥበቃ" ሲባል አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ማኅተም የሚታየው ሰው ብዙ ነው። መሬት ላይ ሥራው ከላይ እስከ ታች ተቆራርሶ ነው የተያዘው።

ከታች እንጀምር። አደረጃጀቱ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲኖሩ ነው። አንዱ የሰብል፣ አንዱ የእንስሳት፣ አንዱ የተፈጥሮ ሀብት። ገበሬው ባጭሩ "ዲኤ" ይላቸዋል። አብዛኞቹ ከግብርና ኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ናቸው። የተፈጥሮ ሀብቷ ዲኤ ኤ-ፍሬም (በ"A" ቅርጽ የተሠራ የእንጨት መለኪያ) ወይም ገመድና ውሃ ልክ ይዛ የእርከን መስመር ትቀይሳለች። የመጣውን ሰው ትቆጥራለች። የተሠራውን ትለካለች። ማታ ሪፖርት ትጽፋለች። የአባቷን እኩያ "ጋሼ፣ ይሄ መስመር ተዛብቷል፤ እንደገና ቢቆፈር" ማለትም የእሷ ዕጣ ነው። በጎጃም ገጠር ወጣት ልጅ ሽማግሌ የምታርመው ቃላት መርጣ ነው። ይህ ችሎታ ኮሌጅ ውስጥ አይሰጥም።

ከእሷ ጎን የቀበሌ አስተዳደር አለ። ሰው የሚጠራውም፣ የቀረውን ለምን ቀረህ የሚለውም እሱ ነው። ከገበሬው የተመረጠ የተፋሰስ ኮሚቴም አለ። የትኛው ማሳ ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ የትኛው ጥግ ላይ ክረምት ሲገባ ምንጭ እንደሚፈነዳ የሚያውቀው ይህ ኮሚቴ ነው። ከላይ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች አሉ። ከዚያ ዞን ይመጣል። ከዚያ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ግብርና ቢሮ። ከዚያ ሚኒስቴሩ።

እንግዲህ ዲዛይኑን የሚያውቀው ወረዳ ነው። ሰው የመጥራት ሥልጣን የቀበሌው ነው። መሬቱን የሚያውቀው ኮሚቴው ነው። ቁጥሩን ሞልታ የምትልከው ዲኤዋ ናት። "ዘንድሮ የት እንቆፍር?" ለሚለው ጥያቄ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን መልስ የላቸውም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በቁጥር ይወርዳል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ) ይባላል።

ደብረ ማዊ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ተፋሰሱ የሚገኘው ይልማና ዴንሳና ባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳዎች በሚዋሰኑበት አካባቢ ነው። ዕቅድ የሚወጣው በወረዳ ነው። ውሃው ግን የወረዳ ወሰን አይጠብቅም።

ከጥምቀት በኋላ

ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተፋሰስ ልማት በአገር ደረጃ በዘመቻ ሲሠራ ቆይቷል። የሚጀመረው ምርት ከገባ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ገበሬው ትንሽ ትንፋሽ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። ሴቱም ወንዱም ዶማና አካፋ ይዞ ለሳምንታት ይወጣል። ክፍያ የለውም፤ ነፃ ጉልበት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይጠቅማል። በደርግ ዘመን ሥራው በአብዛኛው በምግብ ለሥራ ነበር የሚካሄደው። ትኩረቱም ድርቅ የመታቸው አካባቢዎች ነበሩ፤ በተለይ ወሎና ትግራይ። መንግሥት በ1983 ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ። አንዳንዱን ገበሬው ራሱ አፈረሰው። ያኔም "የኔ" ብሎ የያዘው ሰው ጥቂት ነበር።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር አውርሶናል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ጉልበትን በቁጥር የመተመን ልማድ ነው። ስንዴ ሲከፈል ማን ስንት ሠራ የሚለውን ማወቅ ግድ ነበር። ስለዚህ የሥራ ልክ ወጣ። ሙያተኛው "ኖርም" ይለዋል። በአገሪቱ መመሪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይወስዳል። የድንጋይ እርከን ከሆነ 250። የቦረቦር ክትር (በቦረቦሩ ውስጥ ውሃውን የሚገታ ትንሽ ግድብ) ሲሆን አንድ ሰው በቀን የሚሠራው ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። ስንዴው ቀረ፤ ኖርሙ ግን እስከ ዛሬ ዕቅድ ማውጫ ነው።

ሁለተኛው ውርስ ዲዛይኑ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር የእርከን ዋና ሥራ ውሃን ማቆም ነው። እያንዳንዷ ጠብታ መሬት ውስጥ ብትገባ ደስ ይላል። ደብረ ማዊ ላይ ግን በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እዚህ የገበሬው ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የውሃ መብዛት ነው። ለዚህም ነው ከጥንት ጀምሮ በማሳው ላይ አግድም ሰያፍ አድርጎ ፈሰስ የሚያወጣው። ትርፉን ውሃ ማስወጫ ነው። የሙያ መመሪያዎቹም ይህን ልዩነት ያውቁታል። እርጥበት ለሚያጥርበት ቦታ ጠፍጣፋ እርከን፣ ዝናብ ለሚበዛበት ቦታ ትንሽ ዘንበል ብሎ ውሃውን ወደ ማስወገጃ የሚያደርስ እርከን ይመክራሉ። ችግሩ ዘንበል ያለው እርከን መጨረሻው ላይ በደንብ የተሠራ የውሃ መውረጃ ይፈልጋል። መውረጃው በማን ማሳ ይለፍ? በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ስብሰባው የሚመሸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደብረ ማዊ ዳገት ላይ በስፋት የተሠራው የአፈር እርከን ነው። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተከምሮ። ቦዩ ጎርፉን ይዞ ወደ መሬት እንዲያሰርግ ነው የታሰበው። ተፋሰሱ ውስጥ 95 ሄክታር በሚሆነው ክፍል ላይ ከሥራው በፊትም በኋላም ጎርፉና ደለሉ ይለካ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንለካው ከሠራን በኋላ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደተለወጠ አናውቅም።

ልኬቱ ለዘመቻው ሰዎች ፈርዶላቸዋል። ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ቀነሰ። ከማሳ የሚታጠበው አፈርም ቀነሰ። የጤፍ ማሳ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጤፍ መሬቱ ልሞ፣ ተረግጦ፣ ዘግይቶ ነው የሚዘራው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ማሳው ገና ባዶ ነው። ቀደም ብሎ በዚሁ ተፋሰስ በተደረገ ጥናትም ከሌላው ሰብል ይልቅ ውሃ ትንንሽ ቦይ እያወጣ የሚቆርጠው የጤፍ ማሳን ነበር። እርከኑ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው።

ሁለት ነገር ግን ጎደለ። ቦዮቹ በጥቂት ዓመት በደለል ተሞሉ። የተሞላ ቦይ ውሃ አይዝም፤ መጠረግ አለበት። መጥረግ ደግሞ አዲስ ኪሎ ሜትር ተብሎ አይመዘገብም። ሌላው የባሰ ነው። የተፋሰሱ መውጫ ላይ ሲለካ ውሃው የያዘው ደለል የዳገቱን ያህል አልቀነሰም። ውሃው ከዳገቱ ጠርቶ ቢወርድም ከታች እንደገና ደፈረሰ። የሚያደፈርሰው ቦረቦሩ ነበር።

ሜዳው ላይ የሆነው

የደብረ ማዊ ቦረቦር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ነባሩ ዛፍና ቁጥቋጦ ሲመነጠር ከዳገት የሚወርደው ውሃ በዛ። ላዩን የሚፈሰውም፣ በውስጥ የሚሄደውም። ይህን የነገሩን ዕድሜ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ጠይቀዋቸው ነው ታሪኩን የገነቡት።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው፣ ትዕግስት ያዜ በመሪነት የጻፈችው ጥናት አንዱን ቦረቦር በሳተላይት ምስልና በጂፒኤስ ተከታትሎታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስፋቱ 0.65 ሄክታር ነበር። በ2007 1.0 ሄክታር ሆነ። በ2008 1.43 ሄክታር ደረሰ። በሦስት ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

የአፈሩ መጠን ይበልጥ ያስደነግጣል። ውሃውን ወደዚያ ቦረቦር የሚያወርደው መሬት 17.4 ሄክታር ነው። ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ቦረቦሩ የወሰደው አፈር ለዚህ መሬት ሲካፈል በሄክታር 530 ቶን ይደርሳል። በጠቅላላው ከ9,000 ቶን በላይ ነው። 5 ቶን በሚጭን አይሱዙ ቢጫን ከ1,800 ጊዜ በላይ መመላለስ ይጠይቃል። እዚያው አካባቢ ማሳ ላይ ከሚታጠበው አፈር ጋር ሲነጻጸር 20 እጥፍ ገደማ ነው።

20 እጥፍ! ጉልበቱ ሁሉ የወጣው አንዱን እጅ ለማዳን ነበር። ሃያው ከታች ይሄዳል።

ከሥር የሚመጣ ውሃ

ብዙ ሰው ቦረቦር የሚፈጠረው ጎርፍ ከላይ መጥቶ ሲቆርጠው ይመስለዋል። ጎርፉ ድርሻ አለው። ደብረ ማዊ ላይ ግን ዋናው ተንኮል ከሥር ነው።

የዳገቱ ቀይ አፈር ውሃ ይቀበላል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ይሰርጋል። ከዚያ ከሥሩ ያለው ጠጣር ንብርብር ላይ ሲደርስ በውስጥ ለውስጥ ወደ ታች ይጓዛል። ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ሜዳው ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ሐምሌ ሲጋመስ መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ በላዩ ላይ ይሄዳል።

ተመራማሪዎቹ በቦረቦሩ ዙሪያ ቱቦ ቀብረው የውሃውን ከፍታ ተከታተሉ። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ በሆነበት ቦታ የቦረቦሩ ጎን፣ ግንቡ፣ ይናዳል። ውሃው ከወለሉ በታች በሆነበት ቦታ ቦረቦሩ ረግቷል። የራሰ የዋልካ ግንብ ራሱን መሸከም አይችልም። ይደረመሳል። ጎርፉ መጥቶ የተደረመሰውን ይጠርገዋል። በማግሥቱ ሌላ ግንብ ቆሟል፤ እሱም ርሷል።

እዚህ ላይ ነው ለዳገቱ ሰዎች የማይጥመው ነገር የሚመጣው። ዳገት ላይ ቦይ ቆፍረን ጎርፍ ስናሰርግ ውሃው አይጠፋም። በውስጥ ለውስጥ ይወርዳል፤ ሜዳውንም ያርሰዋል። እነ ታሞ ስቴንሁስና ሰይፉ አድማሱ ያሉበት የጥናት ቡድን ደጋግሞ የሚያነሳው ነጥብ ይህ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ መጀመሪያ መታየት ያለበት የትኛው ቦታ ውሃ እንደሚጠግብ ነው። ለደረቅ አገር የሚበጀው ማሰረግ እዚህ ታች ያለውን ቦረቦር ሊያባብስ ይችላል።

ገበሬው ይህን በሌላ አነጋገር ያውቀዋል። እርከኑ ውሃ አቁሮ ሰብሉን ሲያቢጫበት አንዱን ጫፍ በዶማ ይበጥሰዋል። ሪፖርቱ ላይ ይህ "የፈረሰ" ተብሎ ይጻፋል። ግንዛቤ ማስጨበጫ ይጠራለታል። እኔ ግን የተበጠሰ እርከን ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው ወዴት እንዲሄድ ፈልጎ ነው የሚለውን ነው። አንዳንዴ ስንፍና ነው። አንዳንዴ በሬ ማዞሪያ ጠፍቶ ነው። አይጥ ተራብታበትም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ዲዛይኑ ላይ የተሰጠ አስተያየት ነው፤ በጽሑፍ ሳይሆን በዶማ የተሰጠ።

ኪሎ ሜትርና ሜትር ኩብ

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ዲኤዋ ቦረቦሩን አላየችውም? በየቀኑ ትሻገረዋለች። ኮሚቴው አያውቅም? ጥጃ የገባበት እሱ ነው። ወረዳው አልሰማም? ጥናቱ የተሠራው ከቢሮው ብዙም ሳይርቅ ነው። በዚህ አገር ነገር ሲበላሽ "ግንዛቤ የለም" ማለት ይቀናናል። እዚህ ግን አይሠራም።

አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ቀበሌ 1,500 የሰው ቀን አለው እንበል። በኖርሙ መሠረት 10 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ይሠራበታል። ተዳፋቱ 5 በመቶ ከሆነና እርከኑ በየአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተሠራ፣ በሁለት እርከኖች መካከል 20 ሜትር ይኖራል። ለአንድ ሄክታር 500 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትሩ 20 ሄክታር "ይሸፍናል"። ያው 1,500 የሰው ቀን ቦረቦር ላይ ቢውል 750 ሜትር ኩብ ክትር ይወጣዋል። የተሸፈነው መሬት ሲጠየቅ ግን መልሱ የቦረቦሩ ስፋት ነው። አንድ ሄክታር፣ ቢበዛ አንድ ተኩል።

እስቲ ሁለቱን ሪፖርቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። አንዱ 20 ሄክታር ይላል። ሌላው 1.4 ሄክታር። የዞኑ ባለሙያ የሚያየው ሠንጠረዡን ነው። የትኛዋ ዲኤ ትሸለማለች? የትኛው ሊቀ መንበር "ዳተኛ" ይባላል? የዳነው አፈር በቶን ቢጻፍ ኖሮ ፍርዱ ይገለበጥ ነበር። የዳነ አፈር የሚል ዓምድ ግን ሠንጠረዡ ላይ የለም።

በእኔ ግምት የጉዳዩ ሥር እዚህ ነው። ሰዎቹ ለሚቆጠርላቸው ነገር ሠርተዋል። ማንም ቢሆን ይሄንኑ ያደርጋል።

ሌላም አለ። ዳገቱ ላይ ያለው ማሳ ባለቤት አለው። ደብተር አለው፣ ወሰን አለው። እርከን ሲሠራ "በኔ ማሳ ላይ" ብሎ የሚከራከርም፣ የሚጠግንም ሰው አለ። ሜዳው ግን አብዛኛው የወል ግጦሽ ነው። የሁሉም ስለሆነ የማንም ነው። ቦረቦሩ ጫፍ ላይ ሣር ቢተከል በማግሥቱ የማን ከብት እንደበላው አይታወቅም። ልቅ ግጦሽን ማስቆም የሚችለው ቀበሌው ብቻውን አይደለም። የሜዳው ተጠቃሚዎች ተስማምተው ሕገ ደንብ ሲያወጡ፣ ቅጣቱንም ራሳቸው ሲያስፈጽሙ ነው የሚይዘው።

ጊዜውም አይገጥምም። ዘመቻው ጥርና የካቲት ነው። ቦረቦሩ የሚናደው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በዚያ ሰዓት ዲኤዋ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ላይ ናት። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ የመሬቱ ስንጥቅ መቼ እንደሰፋ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። በበጋ ሲመጡ ደረቅ ጉድጓድ ነው የሚያገኙት፤ ለምን እንደተናደ ምልክቱ ጠፍቷል።

የሠራው ዘዴ

ደግነቱ ዘዴ የለም ማለት አይቻልም። በአካባቢው በተደረጉ ሙከራዎች ውጤት ያመጣው ውድ ነገር አይደለም።

ቦረቦር ወደ ላይ የሚበላው በጭንቅላቱ ነው። ውሃው ከሜዳው ወደ ጉድጓዱ የሚዘልበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ከቆየ በየክረምቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዘዴው ገደሉን ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ ማስተኛት፣ ድንጋይ ማልበስና ሣር መትከል ነው። እንዲህ የተሠሩት ቆመዋል፤ ያልተነኩት ግን መብላታቸውን ቀጥለዋል። ሥራው ዶማ፣ ድንጋይና ሣር ነው የሚጠይቀው። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ዋልካ ላይ የተሠራ ክትር ደግሞ ጎኑ በውሃ ተበልቶ ብቻውን እንደ ሐውልት ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጭንቅላቱን ሳይዙ ሆዱን መከተር ትርፉ ድካም ነው።

ቅደም ተከተልም አለው። ጥልቀት የሌለውን ቦረቦር ማዳን ርካሽ ነው። አምስትና ስድስት ሜትር የወረደውን ማስቆም ግን በቀበሌ ጉልበት የሚሞከር አይደለም። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ የምንሄደው ወደ ትልቁ ነው። ጎብኚ የሚወሰደው እዚያ ነው፤ ፎቶ የሚያምረውም እሱ ነው። አጠገቡ ገና ጉልበት ያልደረሰ ስንጥቅ ይታለፋል። በሦስት ዓመት እሱም ትልቅ ይሆናል።

ከታች ያለውን ውሃ ማውረድ ሌላው መንገድ ነው። ሜዳው ላይ ውሃ የሚጠጣ ዛፍና ሣር መመለስ ይረዳል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል ተብሎ ሲወገዝ ኖሯል። ከጠገበ ሜዳ አፋፍ ላይ ሲሆን ግን ይህ ጠባዩ ሊጠቅም ይችላል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሥሩ አጠገብ ሣር አይወድም፤ ስለዚህ ቦታው ተመርጦ ነው። ይህ የኔ ግምት እንጂ የመመሪያ ቃል አይደለም።

አሁን ማን ምን ያድርግ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአሳታፊ ተፋሰስ ልማት፣ አስተዳደርና የማኅበረሰብ ፈንድ አዋጅ፣ ቁጥር 1223፣ የተፋሰስ ተጠቃሚዎች በማኅበር እንዲደራጁ በር ከፍቷል። ማኅበር ማለት ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ መተዳደሪያ ደንብ የሚያወጣ፣ ገንዘብ የሚይዝ አካል ነው። ዘመቻ ሲያልቅ ይበተናል፤ ማኅበር ሐምሌም ላይ አለ። ለወል ሜዳ የጠፋው ባለቤት ይሄ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማኅበሩ የወረዳ ኮታ ማስፈጸሚያ ከሆነ የስም ለውጥ ብቻ ነው የሚሆነው። ኮሚቴ የነበረው ሰውዬ ሊቀ መንበር ይባላል፤ በቃ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የመስክ ሥራን አክብዶታል። ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ ሥልጠና፣ አዲስ መኪና እያልኩ አልዘረዝርም። ወረዳው በእጁ ባለው ነገር የሚያደርገውን ብቻ ላንሳ።

መጀመሪያ የሚነካው ቅጹ ነው። አሁን ባለው ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመር። አንዱ "ባለፈው ክረምት ወደ ኋላ ያልሸሸ የቦረቦር ጭንቅላት ብዛት" ይበል። ሌላው "የተጠረገ ነባር ቦይ በኪሎ ሜትር" ይበል፤ ዕቅዱ ላይም ከአዲስ እርከን እኩል ይቆጠር። ያኔ ዲኤዋ ደለል ስታስጠርግ የዋለችበት ቀን ከንቱ አይሆንም። ሊቀ መንበሩም ሰው ወደ ሜዳው ሲያወርድ ከላይ የሚጠይቀው አይኖርም።

የሚለካበት መንገድም ቀላል ነው። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከቦረቦሩ ጭንቅላት በስተላይ በአምስት ሜትር ርቀት አንድ ችካል ይተከል። የኮሚቴው አባልና የልማት ሠራተኛዋ አብረው ይትከሉት፤ ርቀቱን በሁለቱም ደብተር ይጻፉት። ለመስቀል ደመራ ሰው ሲሰበሰብ ተመልሰው በሜትር ይለኩ። አምስቱ ሜትር አራት ከሆነ ጭንቅላቱ አንድ ሜትር በልቷል። ችካሉ ራሱ ከጠፋ ደግሞ ጥር ላይ ዶማው መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ታውቋል።